ጠዋት የፈሰሰ ውኃ

ያ ዓመት አልዘነበም። ከእሱ በፊት የነበረውም አልዘነበም። ኩራባ በምትባለው የበግ አርቢዎች ከተማ መጀመሪያ ኩሬው ደረቀ፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ፤ ከዚያ ሰዉ። በጎች መቆም ሲያቅታቸው ባለቤቶቻቸው እየተኮሱ ቀበሯቸው። ባንኩ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ አንዲት መምህርት ብቻ ቀረችው። መሄጃ ያለው ሄደ፤ የሌለው ቀረ። የቀረው ፊቱን በታጠበበት ሳህኑን፣ ሳህኑን ባጠበበት ወለሉን እያጠበ፣ የመጨረሻውን እጣቢ ለጓሮው ሎሚ እየሰጠ ከረመ። ውኃ መድፋት ከስርቆት የባሰ ነውር ሆነ።

መንግሥት ለኩራባ መናፈሻ ላሠራ ያለው በዚህ መሐል ነው።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። «ለማን ነው የሚሠራው? ለዝንቡ?» ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ በአዳራሹ ሲያስረዳ ግን ሳቁ ቆመ። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ጉልበቱ ከነዋሪው ነው፤ ፕላኑን የሚያወጣውም ነዋሪው ራሱ ነው ተባለ። ቦታው የድሮው የበግ ገበያ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በመረጠው ቦታ አንድ ችግኝ ተከለ፤ አጠገቡም የበግ ሱፍ ጆንያ በሚታተምበት ቀለም ስሙ የተጻፈበትን ችካል መታ። መንገዱ፣ አግዳሚው፣ የልጆች መጫወቻው፣ ሁሉም እንዲሁ በችካል ተመለከተ። በቁርጡ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ ችካሎቹን ይለካል፤ በዚያን ቀን መሬት ላይ የተገኘው ይጸድቃል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም።

ሰዉ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ነገ ማውራት ጀመረ።

የቁርጡ ቀን ደረሰ። ሰው ለደቦ ከመውጣቱ በፊት፣ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጣሪያ ገና ከፍ ስትል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሜትሩን ይዞ ገባ። ምሥራቅ ጥግ ላይ ራስል ፔቭሊን በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። የፔቭሊ ማጅራት ተሰብሯል።

*

መርማሪ ሞና ዳቬኒ ከአውራጃው ከተማ ስትደርስ ፀሐይዋ መናደፍ ጀምራለች። ሞና ጠጉሯ የሸበተ፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ከመኪናዋ ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አይደለም፤ ሰማዩን ነው። ደመና የለም። በቀቀኖች በባዶው የበግ አጥር ላይ ተደርድረው ዝም ብለዋል።

የኩራባው ፖሊስ ባክስተር እየሮጠ መጣ።

«አለቃ፣ ነገሩ አልቋል፤ ዳርሲ ሎም ነው። ሟቹ የመናፈሻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ያቺ ነዳጅ ማደያ ያላት ሱቅ የእሱ ናት። ዳርሲ ትናንት በአዳራሹ ‹አንተን ነበር ጉድጓድ ቆፍሬ የምተክልህ› ብሎታል። አገር ሰምቷል።»

«ብሎ ተከለው?»

«እንዴት?»

«ተኝቷል እኮ ሰውየው፤ አልተተከለም» አለችና ሬሳው የተሸፈነበትን ሸራ ገለጥ አደረገች።

ፔቭሊ የደቦ ልብስ አልለበሰም። የሱቅ ሸሚዙ ነው፤ ጫማውም የሱቅ ነው። የሱሪው ጉልበቶች በቀይ አፈር ቀልተዋል። ጓንት የለውም፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አፈር ተጠቅጥቋል። የተመታው አንዴ ነው፤ ተንበርክኮ ሳለ፣ ከኋላው።

«የተመታበትስ?»

«አልተገኘም አለቃ።»

ሞና ወደ መናፈሻው ዕቃ ቤት ሄደች። አካፋው፣ ዶማው፣ ችካል መምቻ የእንጨት መዶሻው በሙሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም የኩራባን አቧራ ለብሷል። አንዱ መዶሻ ግን ጥምቀት የወጣ ይመስላል።

«ይኼኛው ታጥቧል!» አለ ባክስተር።

«አዎ። ውኃውስ?»

«የቱ ውኃ?»

«የታጠበበት።»

ባክስተር ዞር ዞር ብሎ አየ። ደጃፉ ላይ ለደቦው ሰው እጅ መታጠቢያ የሚቀመጠው ባልዲ ነበር። ማታ ተሞልቶ፣ ወፍ እንዳይሰጥምበት ተከድኖ ያድራል። አሁን ባዶ ነው፤ በአፉ ተደፍቷል፤ ክዳኑም ከሥሩ ተቀምጧል። ሞና እጇን ከባልዲው በታች ሰደደች። ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ከዕቃ ቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ግን ዱቄት ነው። ጠብታ የነካው ቦታ የለም።

«እዚህ አልተደፋም» አለች።

«የት ሄደ ታዲያ?»

ሞና ከችግኝ ወደ ችግኝ መሄድ ጀመረች። በኩራባ ችግኝ የሚጠጣው ማታ ነው፤ ሰው እጣቢውን ይዞ የሚወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ማታ የፈሰሰ ውኃ ወደ ሥር ይሰርጋል፤ ነፋሱ ሌሊቱን አቧራ ያለብሰዋል፤ ሲነጋ ምልክት አይኖረውም። የሁሉም ችግኝ ግርጌ እንደዚያው ነበር፤ ልስልስ ያለ አቧራ። ምዕራብ ዳር አንዱ ችግኝ ጨርሶ ደርቋል፤ ከጭራሮ አይሻልም፤ ችካሉ «ትሬሎር» ይላል። ምሥራቅ ጥግ ላይ፣ ከሬሳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ኩራጆንግ የሚባል አንድ ለጋ ዛፍ አለ። የእሱ ግርጌ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጣጥቋል። ጉንዳን ወርሮታል፤ ዝንብም።

ባክስተር አጎንብሶ ችካሉን አነበበ። «ሎም!» አለ። «አላልኩዎትም?»

ሞና በእግሯ ችካሉን ነካ አደረገችው። ተወዛወዘ። ከዚያ ተመልሳ በመናፈሻው ውስጥ ያሉትን ችካሎች ሁሉ አንድ በአንድ ነካካች፤ ብዙዎቹ በደረቀው መሬት እንደ ሲሚንቶ ተይዘዋል።

«ዳርሲን ልሰረው?»

«እስኪ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣ» አለች።

*

ለደቦው የተዘጋጀው ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ሴቶቹ ያመጧቸው ሳህኖች በጨርቅ እንደተሸፈኑ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ማንም አልነካቸውም። ሞና ጥግ ላይ አንዲት ወንበር ይዛ የማዘጋጃ ቤቱን ሰው ጠራችው።

ጁልያን ቴት ወጣት ነው፤ ከባሕሩ ጠረፍ ከተማ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ሜትሩን እስካሁን አልለቀቀም።

«ውኃ ጠጣ» አለችው።

ግማሹን ጠጣ። የቀረውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ደፋና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

በአዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።

«ይኼ ልጅ የመጣው ከከተማ ነው ወይስ ከባሕሩ ውስጥ?» አለች አንዲት ሴት፣ እንዲሰማት ብላ።

ጁልያን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ሞና ግን መስኮቱን አየች፣ እሱን አየች።

«ከፔቭሊ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም። እሱ ነው የተጣላኝ። ለነዳጅ ቦቴዎቹ መግቢያ ፈልጎ ነበር፤ በምሥራቁ ጥግ በኩል። ‹ፕላኑ ላይ አንድ መስመር ጨምር፣ ምን ገደደህ› አለኝ። ‹የሚወስነው ነዋሪው ነው› አልኩት። ‹ነዋሪው እኔ ነኝ› አለኝ። ከሥራዬ እንደሚያስነቅለኝም ነገረኝ።»

«ትናንት አዳራሽ ውስጥስ ምን ተባለ?»

«ዳርሲ ተነሥቶ መሰናበቱን ተናገረ። ‹ወደ ባሕሩ ጠረፍ እሄዳለሁ፤ ዛፍ የተከልኩበትን ቦታ ለፈለጋችሁት አድርጉት› አለ። ፔቭሊ አጨበጨበለት። ያን ጊዜ ነው ዳርሲ የተሳደበው።»

«ፔቭሊ ሲያጨበጭብ ፊቱ እንዴት ነበር?»

ጁልያን አሰበ። «የጠፋበትን ነገር ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።»

*

ዳርሲ ሎም ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አንዲት አሮጌ የበግ ውሻ ተኝታለች። የሚጠብቃት በግ ከሞተ ቆይቷል።

«ፔቭሊን ገደልኸው?» አለችው ሞና አጠገቡ ተቀምጣ።

«ቀደሙኝ» አለ ዳርሲ። «ተራ ያዝ ቢባል ከፊት ነበርኩ።»

«እንዲህ እየቀለድህ ያስሩሃል።»

«ታዲያ እስር ቤት ውኃ አለ አይደል? በየቀኑ መታጠብ አለ ይላሉ።»

ሞና ሳቀች፤ ዳርሲ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከውሻዋ ላይ አልተነቀለም።

«በጎቼን ልቀብር መሬቱ አልቆፈር ሲለኝ ፔቭሊ ከሱቁ በረንዳ ሆኖ ያይ ነበር። አካፋ አላነሳም። ለዚህ ነው የተሳደብኩት። ለሌላ አይደለም።»

«ዛፍህ እንዴት ነው?»

«የቱ ዛፍ?»

«እዚህ የተከልኸው።»

«እሱማ ገና ድሮ ሞተ! እኔ የተከልኩት ነገር መቼ ይበቅላል? ውሻዋ እንኳ ሸንታበት ልታድነው አልቻለችም።»

«ዛሬ ጠዋት አላጠጣኸውም?»

ዳርሲ ቀና ብሎ እንደ እብድ አያት። «ጠዋት? ጠዋት የፈሰሰን የሚጠጣው ፀሐይ ነው፤ ይኼን ሕፃን ያውቀዋል። ደግሞ ለሬሳ ውኃ ምን ያደርግለታል?»

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ያየህ ሰው አለ?»

«ውሻዬ። ግን ፔቭሊን አትወደውም ነበር፤ ምስክርነቷን አትቀበይም።»

ሞና ተነሥታ ሱሪዋን አራገፈች። ባክስተር ከበሩ ሆኖ በዓይኑ «እሺ?» አላት። በእጇ «ቆይ» አለችው።

*

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ኮኮናት የለበሰውን ኬክ እየቆረጠች ነበር። ሰፊ እጅ፣ በፀሐይ የተጨማደደ አንገት አላት። ማቪስ ትሬሎር ትባላለች። መናፈሻው ገና ሲነሣ ቤት ለቤት እየዞረች ሰዉን አዳራሽ ያስገባችው እሷ ናት።

ሞና ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን አፈጠጥሽ? ግቢ» አለች ማቪስ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቆይ… አንቺ የማክኤልሮይ ልጅ አይደለሽም? የታላቁ ጉድጓድ ሠፈር ልጅ?»

«ነኝ እትዬ ማቪስ። ዳቬኒ የባሌ ስም ነው።»

«አባትሽን ነው የምትመስዪው፤ ምስኪን! ያን አፍንጫ ለሴት ልጅ ያወርሳሉ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ሞና የዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ያም ዓመት እንዲሁ አልዘነበም። የአባቷ ጉድጓድ ጭቃ ብቻ ሲቀረው ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ይነድ ነበር። ያን ጊዜ ማቪስ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ከራሷ ታንከር እየቀዳች፣ በየማታው ሁለት ባልዲ ተሸክማ ሜዳውን ታቋርጥ ነበር። ወንድሟ ዳነ። አባቷ ገንዘብ ቢሰጣት አልተቀበለችም። «የውኃ ዕዳ በውኃ ነው የሚከፈለው» ብሎ ማለ፤ ዝናብ ሲመጣ ግን የማቪስም ታንከር ሞላ፤ የሚከፈላት አልነበረም። ሳይከፍል ሞተ። ዕዳውን ለልጁ አወረሰ፤ ከአፍንጫው ጋር።

«ወንድምሽስ?» አለች ማቪስ።

«ደኅና ነው። አምስት ልጅ ወለደ።»

«ደግ። የኔ ልጅ ሎሪ… መቼም ሰምተሻል። ባለፈው ድርቅ። በጎቹን ቀብሮ ሲመጣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ጋጣው ገባ። በሕይወት አልወጣም።»

«ሰምቻለሁ። ነፍሱን ይማረው።»

ማቪስ ጨርቅ አንሥታ ምንም ያልፈሰሰበትን ጠረጴዛ ወለወለች።

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጡ እትዬ ማቪስ?»

«ከሰዉ ጋር ነዋ። ከሴቶቹ ጋር፣ ሳህኔን ይዤ።»

«ዛፍዎ እንዴት ነው? ያዘ?»

የማቪስ ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ ሞና አላየችውም ነበር፤ ባታየው በወደደች።

«ያዘ እንጂ! ማታ ማታ የፊቴን እጣቢ እሰጠዋለሁ። ትናንት ሳየው አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ሦስት። ጫፋቸው ቀላ ያለ፣ ልክ የሕፃን ጣት። ተቀምጬ አወራሁት፤ ሰው ቢያየኝ ጃጀች ይለኝ ነበር።»

ሞና «አመሰግናለሁ» አለች።

ውጭ ወጥታ መኪናዋን ተደግፋ ቆመች። ባክስተር መጣ።

«አለቃ፣ ዳርሲን ልውሰደው? ሰዉ እየጠበቀ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ደግሞ ዛሬ ካልተለካ ገንዘቡ ለሌላ ከተማ ይሄዳል እያለ ነው።»

ሞና አዳራሹን ዞራ አየች። ዳርሲን ውሰደው ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሰውየው ራሱ እንኳ ብዙ አይከራከርም፤ የቀረው አንዲት ውሻ ናት። እሷም አባቷ የማለውን ትከፍላለች። ዕዳው ግን በሌላ ሰው አንገት ይከፈል የሚል መሐላ የለም።

«ሁሉንም ወደ ምሥራቁ ጥግ አምጣልኝ» አለች። «አካፋም ያዝ።»

*

ሬሳው ተነሥቷል። ሰዉ ኩራጆንጓን ከብቦ ቆመ፤ ጁልያን ሜትሩን እንደያዘ፣ ዳርሲ ከውሻው ጋር፣ ማቪስ ሽርጧን እንደታጠቀች ከሴቶቹ መሐል። ነፋስ የለም። ዝንብ ብቻ ይሰማል።

«ራስል ፔቭሊ ዛሬ ጎህ ሲቀድ እዚህ መጣ» አለች ሞና። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለደቦ አልመጣም። ለደቦ የመጣ ሰው የሱቅ ሸሚዝ አይለብስም። ጉልበቱና ጥፍሩ አፈር ነበር። በእጁ መሬት ሲቧጥጥ ነበር። ለምን ይመስላችኋል?»

«ወርቅ ፈልጎ» አለ ዳርሲ። ማንም አልሳቀም።

«ችካል ፈልጎ። በዚህ መናፈሻ ውስጥ ያሉትን ችካሎች ሁሉ ነካክቻለሁ። ሁሉም በደረቀው መሬት ተነክሷል። ሁለቱ ብቻ ይወዛወዛሉ። አንዱ ይኸው ‹ሎም› የሚለው ነው። ሁለተኛው ምዕራብ ዳር ያለው ነው፤ ‹ትሬሎር› የሚለው።»

ሰዉ ተንሾካሾከ።

«ፔቭሊ ለቦቴዎቹ መግቢያ የፈለገው ይኼን ጥግ ነው። ጁልያን እምቢ አለው። ትናንት ግን ዳርሲ ‹እሄዳለሁ፣ ቦታዬን ለፈለጋችሁት አድርጉት› አለ። ፔቭሊ ዘዴው ገባው። ዛሬ ሲለካ ይኼ ጥግ የዳርሲ ሆኖ ከተገኘ የሚከራከርለት ባለቤት የለም። ስለዚህ ሁለቱን ችካሎች አቀያየራቸው።»

«የሌባ ልጅ!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የሞተ ሰው አይሰደብም» አለችው ሚስቱ።

«ገና አልተቀበረም እኮ።»

ሞና ጠበቀች። ዝም ሲሉ ቀጠለች።

«አንድ ሰው መጣበት። የችካል መምቻውን አንሥቶ መታው። ከዚያ መዶሻውን በእጅ መታጠቢያው ባልዲ አጠበና መልሶ ሰቀለው። እዚህ ላይ ነው ያየሁት። ባልዲው ባዶ ነው፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። ሰው ገድሎ የደነገጠ ሰው ደም የነካውን ውኃ ምን ያደርገዋል? ባለበት ይደፋዋል። ይኼ ልጅ» አለች ወደ ጁልያን እያመለከተች፣ «ዛሬ ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ውኃ በመስኮት ደፍቶ ወጥ ቤቱን በሙሉ አስቀይሟል። እሱ ቢሆን ባልዲውን እዚያው ይደፋው ነበር። ይኼ ሰው ግን አልደፋም። እጁ እምቢ አለው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው የኩራባ ሰው ነው። ውኃውን ተሸክሞ ሄዶ ዛፍ አጠጣበት፤ ባልዲውንም እንደ ደንባችሁ ደፍቶ አስቀመጠ።»

ሴቶቹ እጆቻቸውን አዩ።

«የዚህችን ዛፍ ግርጌ ተመልከቱ። ማታ የጠጣ መሬት ሲነጋ አቧራ ነው። ይኼ ግን ፀሐይ እያየው የፈሰሰ ስለሆነ ቂጣ ሆኗል። ዛፍ ሊያጠጣ የመጣ ሰው ጠዋት አይመጣም። ያጠጣው ገዳዩ ነው። ደግሞ በዚህ ድርቅ ሰው ትርፍ ውኃ እጁ ላይ ቢገኝ ለማን ይሰጣል? ለራሱ ዛፍ።»

«ችካሉ ሎም ነው የሚለው» አለ ባክስተር፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ግራ ገብቶት።

«ችካሉ ዛሬ የመጣ ነው። ዳርሲን ስለ ዛፉ ጠየቅኩት፤ ድሮ ሞቷል አለኝ። ይኼ ግን ለምልሟል። የሞተው ምዕራብ ዳር ነው፤ የትሬሎር ችካል ቆሞበታል። ገዳዩ ዛፉን ነው ያየው እንጂ ችካሉን ልብ አላለውም።» ሞና ተንበርክካ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አቧራውን በጣቷ ጠረገች። «ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ዛፉ ትናንት ሦስት አዲስ ቅጠል እንዳወጣ ነገረኝ። ጫፋቸው ቀላ ያለ። ልክ የሕፃን ጣት።»

ሦስቱ ቅጠሎች እጇ ላይ ነበሩ።

ማንም ማንንም አላየም። ማቪስ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ቅጠል ምስክር አይሆንም ልጄ» አለች በቀስታ። «ችካል ማንም ያንቀሳቅሳል። ውኃም ማንም ያፈሳል።»

«ልክ ነዎት። አፈሩ ግን ይመሰክራል፤ ደም ጠጥቷል። ባክስተር፣ ዛፉን ከነሥሩ ንቀለው። ወደ ከተማ እንወስደዋለን።»

ባክስተር አካፋውን አነሣ። የአካፋው ጫፍ መሬቱን ሲነካ ማቪስ ሰዉን በክርኗ ገፍታ መሐል ገባች።

«አትንካው! ሎሪ ነው! ከሥሩ ሎሪ አለ!»

አካፋው ቆመ።

«አመዱን ከችግኙ ጋር ነው የቀበርኩት» አለች ማቪስ። መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን በተሰነጠቀው አፈር ላይ ዘረጋች። «ልጅ ሳለ እዚህ ጥግ አጥሩ ላይ ተቀምጦ በግ ሲሸጥ ያይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። መናፈሻው ሲሠራ ልጆች ይጫወቱበታል አልኩ። ዛሬ ሌሊቱ አልነጋ ሲለኝ ላየው መጣሁ። ራስል ተንበርክኮ ችግኙን በእጁ ሊነቅል ይታገላል። ‹ተው› አልኩት። ‹ሂጂ ወደ ቤትሽ ማቪስ፤ ለአንድ ጭራሮ ነው?› አለኝ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። መዶሻው ግድግዳው ላይ ነበር። ሄጄ አመጣሁት። እስክመለስ ልቡ ይራራል ብዬ ነበር። አልራራም።»

ቀና ብላ ዳርሲን አየችው።

«አንተን ሲወስዱህ ዝም ልል ነበር። እዚህ የምተወው ሰው ባይኖረኝ ኖሮ ዝም አልልም ነበር። እሱን ማን ያጠጣዋል ብዬ ነው።»

ዳርሲ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ውኃውን ለምን እዚህ አፈሰሱት እትዬ ማቪስ?» አለች ሞና። ለምርመራው አይደለም የጠየቀችው።

ማቪስ ጥያቄው የገረማት መሰለች።

«ታዲያ ልድፋው?»

*

ማቪስን ባክስተር ወሰዳት፤ እጇን አላሰረም። ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት እየሮጠች ሄዳ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በመኪናው መስኮት አቀበለቻት። ማቪስ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወደ ኋላ ዞራ ዛፉን ብቻ ታይ ነበር።

ሁለቱ ችካሎች ተነቅለው ወደየቦታቸው ተመለሱ። የዳርሲን ችካል የመታው ዳርሲ ራሱ ነው፤ ከደረቀው ጭራሮ አጠገብ። ጁልያን ለካ። ምሥራቅ ጥግ ላይ ሲደርስ «ትሬሎር» ሲል ጮክ ብሎ አነበበና ጻፈ። ሰዉ ያመጣውን ሳህን ሳይበላ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። መናፈሻው ጸደቀ፤ ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።

ሞና ወደ ከተማ አልተመለሰችም። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። በቀቀኖቹ አንድ በአንድ ከአጥሩ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወርዳ የኋላውን ከፈተች። በደረቅ አገር የሚጓዝ ሰው ጀሪካን አይለየውም፤ የእሷም ሙሉ ነበር። የዕቃ ቤቱን ባልዲ አነሣች። ሞልታ ወሰደችና ከኩራጆንጓ ግርጌ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ተመልሳ ደግሞ ሞላች።

ዳርሲ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆይቷል። ውሻዋ እግሩ ሥር ናት።

«ነገስ?» አለችው ሞና ሳትዞር።

«ነገ እኔ» አለ ዳርሲ። «ባሕሩ የትም አይሄድም።»

ሁለተኛውን ባልዲ አፈሰሰች። መሬቱ ድምፅ አውጥቶ ጠጣው። እስኪሰርግ ድረስ ቆማ አየች፤ ከዚያ ባልዲውን ደፍታ አስቀመጠች።